የሚያንቀላፋው ሽማግሌ

እሑድ፣ ኦክቶበር 21፣ 2018። ቂርያት ማልአኪ

ይህን ደብተር የገዛሁት የመድኃኒቴን ሰዓት ልጽፍበት ነበር። ሰዓቱን ግን ባለቤቴ ዘነበወርቅ በቃሏ ስለያዘችው ሌላ ነገር እጽፍበታለሁ። ልጆቼ አማርኛ ይሰማሉ እንጂ አያነቡም፤ የልጅ ልጆቼ መስማቱንም እየተዉት ነው። ስለዚህ እዚህ እንደልቤ ነኝ።

ትናንት ሰንበት ከወጣ በኋላ በቴሌቪዥን ታየሁ። በበጋው ገዴራ ላይ የቀረጽነው አስቂኝ ተከታታይ ድራማ ተጀመረ። ስለ አንድ የእኛ ሰዎች፣ ከኢትዮጵያ የመጡ ቤተ እስራኤሎች፣ ቤተሰብ ነው። እኔ የቤቱ አያት ነኝ፤ በዕብራይስጥ «ሳባ» ይሉኛል፤ ሌላ ስም አልሰጡኝም። ከጡረተኞች መዋያችን፣ ከሞዓዶኑ፣ አንዲት ወጣት መጥታ «ፊትህ ጥሩ ነው» ብላ ነው የመረጠችኝ። ሰባ ዓመቴ ነው። ከሠርጌ ወዲህ ፊቴን ያመሰገነ ሰው ስላልነበረ እሺ ብዬ ሄድኩ።

ታዲያ ምን ሠራሁ? ማዕድ ላይ አንቀላፋሁ። ሊፍት ፈራሁ። የልብስ ማጠቢያው ማሽን ሲንቀጠቀጥ «ሰይጣን ነው!» ብዬ በነጠላ ጫማ ሮጥኩ። እኔ! ቤኤር ቱቪያ መጋዘን ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ማልጌዛ፣ የዕቃ ማንሻውን መኪና፣ የነዳሁ፣ ሁለት ቶን ዕቃ በሹካው አንስቼ አራተኛው መደርደሪያ ላይ አንድ ሣጥን ሳላስነካ ያስቀመጥኩ ሰው። ሰይጣን ቢኖርበት ኖሮ ማልጌዛው ላይ እናገኘው ነበር።

ዘነበወርቅ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። «እንቅልፉንስ አልዋሹም» አለችኝ።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 24

በችኮላ። አውቶቡስ ሊመጣ ነው።

ሱፐርማርኬቱ በር ላይ ሁለት ጎረምሶች እኔን ሲያዩ አንገታቸውን ደፍተው አንኮራፉብኝ። «ሳባ፣ ተነስ!» ቆሜ አየኋቸው፤ አፈሩ።

አይናለም ደወለች። ያቭኔ የምትኖረው የታላቅ እህቴ የእታፈራሁ ልጅ ናት፤ እናቷን የምታስታምመው እሷ ናት። «አያ፣ መቼ ትመጣለህ? እማዬ ስምህን ትጠራለች።» በሚቀጥለው ሳምንት አልኳት። ጉልበቴን አሞኛል።

እሑድ፣ ኦክቶበር 28

ዛሬ የሆነውን በደንብ ልጽፈው።

የልጄ የብርሃኑ ልጅ ኖዓ ከገዴራው ልጅ ከሳጊ ጋር ልትጋባ ነው። ሁለቱም ወታደር ቤት ነው የተዋወቁት። የሳጊ አያት አያ ጓዴ ሁለት ሽማግሌዎች ይዘው ወደ ቤታችን መጡ፤ እንደ ወጉ ዘር ሊቆጠር። በሰባተኛው ቤት ወይም ከዚያ በፊት የተገናኘ ሰው ዘመድ ነው፤ ለመጋባት በሁለቱም ወገን ስምንተኛው ላይ መድረስ አለበት። ይህን ማንም ራቢ አላስተማረንም፤ ይዘነው የመጣነው ነው። በእኛ ቤተሰብ የሚቆጥረው እኔ ነኝ፤ አባቴ ያስተማረኝ ለዚህ ነው።

ቆሜ ቆጠርኩ። የኖዓ አባት ብርሃኑ። ያረጋል። ፈረደ። ተገኝ። ጎሹ። መርሻ። አብተው። ሰባት። አያ ጓዴ በበኩላቸው ሲቆጥሩ በሳጊ ስምንተኛው ላይ አብተው መጣ። ያው አብተው ነው፤ ያው አገር ነው። በእነሱ ወገን ሞልቷል፤ በእኛ ወገን ግን አንድ ጎደለ።

ኖዓ ፊቴን ታየኛለች። እኔም «ዘመድ ናቸው፤ አይሆንም» አልኩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

አያ ጓዴ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «አያ ያረጋል፣ እስቲ ደግመው ይቁጠሩት» አሉኝ። ደገምኩት። ሰባት ነው። «አንድ ስም ጠፍቶብዎት እንደሆነስ?» አሉ ቀስ ብለው። ደሜ ፈላ። «እኔን የቴሌቪዥኑን ሳባ መሰልኩዎት እንዴ?» ብዬ ጮህኩባቸው። እሳቸውም ተነሱ፤ በር ላይ ደርሰው «አንተ ሰው፣ የሁለት ልጆች ነገር ነው» አሉኝ። በሃያ ዓመት ትውውቅ «አንተ» ሲሉኝ የመጀመሪያው ነው።

ኖዓ ቦርሳዋን አንስታ ተከትላቸው ወጣች።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 30

ኖዓ ስልክ አታነሳም። ብርሃኑ ያነሳል፤ ግን አይናገርም።

ዘነበወርቅ ድንች እየላጠች «ያቭኔ ሂድና እታፈራሁን ጠይቃት» አለችኝ። «ቁርስ መብላቷን የማታስታውስን ሴት ምን ብዬ ልጠይቃት? ደግሞስ ዘር መቁጠር መቼ ነው ለሴት የተሰጠው?» አልኳት። ድንቹን ከቆዳው ጋር ግማሹን ቆረጠችው።

እሑድ፣ ኖቬምበር 4

ገዴራ፣ ቀረጻ። የመጨረሻዎቹን ክፍሎች ነው የምንሠራው። ዳይሬክተሩ ያሪቭ ደግ ልጅ ነው፤ ፂሙ ብዙ፣ እንቅልፉ ትንሽ። ዛሬ «ሳባ፣ የሆነ ነገር እርሳ። የፈለግከውን፣ ከራስህ» አለኝ።

ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። የልጅ ልጄ ሆና የምትጫወተውን ልጅ «ምሳ በላሽ?» አልኳት። «በላሁ ሳባ።» የሸሚዜን ጫፍ በጣቶቼ እያጠቀለልኩ መስኮቱን አየሁ። ከዚያ እንደ አዲስ «ምሳ በላሽ?» አልኳት። ሦስት ጊዜ። ካሜራ የያዘው ሰውዬ ሳቁን ለመዋጥ ትከሻው ተንቀጠቀጠ። ያሪቭ አቅፎኝ «ከየት አመጣኸው? ጎበዝ ነህ!» አለኝ።

«ከራሴ ነው» አልኩት።

አይናለም ዛሬም ደውላ ነበር፤ ቀረጻ ላይ ስለነበርኩ አላነሳሁም። ማታም አልደወልኩላትም።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 7። ስግድ

ከበዓሉ ጸሎት፣ ከኢየሩሳሌም አሁን ተመለስን። እግሬ አብጧል። ጾሙ ደኅና ነበር፤ ሰው ነው ያልበጀኝ። አያ ጓዴ በሕዝቡ መካከል አዩኝና ፊታቸውን ወደ ቄሶቹ መለሱ። ከኋላዬ ሁለት ሴቶች ያወራሉ።

«ያውልሽ፣ የቴሌቪዥኑ ሳባ።»

«የልጅ ልጁን ጋብቻ ያፈረሰው? አርጅቷል እኮ፣ ምኑን ያውቃል?»

«እሱማ፤ በፊልሙም እንዲሁ ነው የሚያደርገው።»

ዞሬ ልናገራቸው ፈለግኩ፤ ጸሎት ነበርና ተውኩት። ሆድ ይፍጀው። ግን እንዴት ነው ነገሩ? ያሪቭ «ተኛ» ስላለኝ ተኛሁ፤ አሁን ስነቃ ማንም አያምነኝም።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 14

(ዘነበወርቅ ረቡዕ ነው ትላለች። ይሁን፣ ረቡዕ።)

ኖዓ መጣች። አልተቀመጠችም። «ሳባ፣ ዳይ፣ በቃ! በ2018 ማን ሰባት ይቆጥራል? ሳጊ የአባቴ ወንድም አይደለም፤ ከሁለት መቶ ዓመት በፊት የነበረ ሰውዬ ነው የምታወራው!» አለችኝ፤ ግማሹን በዕብራይስጥ።

«ልጄ፣ ለሌላው ቆጥሬ ከልክያለሁ። ለራሴ ደም ሲሆን ልሽረው?»

«ከተሳሳትክስ?»

«አልተሳሳትኩም።»

«እንዴት ታውቃለህ?»

አንጀቴን በላችው፤ ዓይኗ አብጦ ነበር። ያለ እኔ ቃል ራቢው ሊያጋባቸው እንደሚችል ታውቃለች፤ እኔም አውቃለሁ። ያለ እኔ አልፈለገችም። ስትወጣ አልሳመችኝም። ከትንሽነቷ ጀምሮ ሳትስመኝ ወጥታ አታውቅም።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 24። ሰንበት ከወጣ በኋላ

አንድ ወር ሙሉ ቴሌቪዥን እንደ ሥራ አየሁ፤ የእኛን ድራማ ብቻ ሳይሆን ያገኘሁትን ሁሉ። ሽማግሌና አሮጊት ሲመጡ ድምፁን እጨምራለሁ። የሩሲያዋ አሮጊት ትቆጣለች። የሞሮኮዋ ታበላለች። የፖላንዱ ሽማግሌ ስለ ሆድ ድርቀቱ ያወራል። የእኛው ወይ ይመርቃል ወይ ያንቀላፋል፤ ነገሩ አሳዛኝ ድራማ ከሆነ ደግሞ በአራተኛው ክፍል ይሞትና ልጆቹ ይታረቃሉ። ሞቶ ካላስታረቀ ጥቅም የለውም። ዘነበወርቅ «አንዴ ሲያስል ካየኸው አበቃለት» ትላለች፤ እስካሁን ተሳስታ አታውቅም።

እሱ ራሱ አይደለም ያናደደኝ። ሰው ያረጃል፣ ያንቀላፋል፣ ይረሳል፤ ይህን መደበቅ አልልም። ያናደደኝ ሌላ ነው። ሽማግሌው እዚያው ሶፋው ላይ ተቀምጦ ሰዎቹ በራሱ ላይ አሻግረው ስለ እሱ ይነጋገራሉ። «አባባን ምን እናድርገው?» ይባባላሉ። አንድም ሰው ዞር ብሎ «አባባ፣ አንተስ ምን ትላለህ?» አይለውም። ማንም ምንም አይጠይቀውም። ቢጠይቁት ድራማው በሁለት ደቂቃ ያልቅ ነበር፤ እሱ ያውቀዋላ! ይህን የሚጽፉ ልጆች እናት አባት የላቸውም? ወይስ እነሱንም አይጠይቋቸውም? አንድ ቀን እንኳ ሽማግሌ ሲያርም፣ ሲሟገት፣ ሚስቱን ሲመኝ አላሳዩም። እንዲህ ያለ ነገር አይቼ ከሆነ ዓይኔን ግንባር ያድርገው።

ያሪቭ ያንን የምሳውን ቀረጻ በስልክ ልኮልኝ ነበርና ለዘነበወርቅ አሳየኋት። አልሳቀችም። ሁለት ጊዜ አየችው፤ ከዚያ ስልኩን በግንባሩ ደፍታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። «ይኼን እታፈራሁ ቤት አያሳዩት» አለችኝ። ተነስቼ ጥርሴን ልፍቅ ሄድኩ።

እሑድ፣ ዲሴምበር 2

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል፤ ዲሴምበርም አይጠባም።

የመጨረሻው ክፍል ጽሑፍ መጣ። በድራማው የቤቱ ልጅ ሊያጭ ነው፤ ሳባ ተነስቶ ዘር ይቆጥራል። ሲቆጥር ስም ይጠፋዋል፤ በአያቱ ቦታ የኳስ ተጫዋች ስም ይጠራል፤ በቅድመ አያቱ ቦታ የአህያውን። ሙሽራው ከአህያ ተወለደ ተብሎ ሁሉም ይስቃል። ከዚያ ሳባ ቆሞ ያንቀላፋል።

ያሪቭን «ይህን ከየት አገኛችሁት?» አልኩት። «ገዴራ ሁሉም የሚያወራው ነው፤ የሆነ ሽማግሌ ተሳስቶ ጋብቻ አፈረሰ አሉ። እውነተኛ ታሪክ ነው፣ ድንቅ ነው!» አለኝ። ሽማግሌው እኔ መሆኔን አያውቅም።

እኔም ምን አልኩት? «ቤሰደር፣ እሺ።» አፌ ተቆርጦ ይቅር! መጋዘንም አለቃው ሲያዘኝ ቤሰደር፣ ቢሮም ወረቀት ሲሰጡኝ ቤሰደር። ሰባ ዓመቴ ነው፤ በዕብራይስጥ እንቢ ማለት አልለመድኩም።

ቀረጻው ዲሴምበር 17 ነው።

ሐሙስ፣ ዲሴምበር 6

እየተላጨሁ ቆጠርኩ፣ ሰባት። ደረጃ እየወረድኩ ቆጠርኩ፣ ሰባት። ከጎሹ ወደ መርሻ ስሻገር ብቻ እግር ደረጃ ሲስት እንደሚሆነው ያደርገኛል። ድካም ነው። ሽንኩርት ልገዛ ወጥቼ እንጀራ ብቻ ይዤ ተመለስኩ፤ ሐሳብ በዝቶብኝ ነው።

ዘነበወርቅ ትናንት አንድ ነገር አለችኝ። «በቴሌቪዥን ሽማግሌውን ማንም አይጠይቀውም ብለህ ስትጮህ ከረምክ። አንተስ የማንን ቃል አልጠይቅም ብለህ ነው እዚህ የተቀመጥከው?»

ተቆጣኋት። ስለተቆጣኋት ደግሞ አፈርኩ።

ማክሰኞ፣ ዲሴምበር 11

ያቭኔ ሄድኩ። ጋን ያቭኔ ወርጄ ሌላ አውቶቡስ ጠበቅኩ፤ ስማቸው ስለሚመሳሰል ማንም ይሳሳታል።

እታፈራሁ መስኮት አጠገብ ተቀምጣለች። ከስታለች። የቀሚሷን ጫፍ በጣቶቿ ታጠቀልላለች፣ ትፈታለች፣ ታጠቀልላለች። ሳምኳት። «ምሳ በላህ?» አለችኝ። «በላሁ፣ እትዬ።» መስኮቱን አየች። «ምሳ በላህ?» ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም። አይናለም ልብስ እያጠፈች ነበር፤ እሷንም ማየት አልቻልኩም። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፤ እህቴን ወስጄ ገዴራ ላይ አስቄባታለሁ።

ስለ ኖዓና ስለ ሳጊ ነገርኳት። የሰማችኝ አልመሰለኝም። ልትናገር አልፈለገችም ብዬ መቁጠር ጀመርኩ፤ ለራሴ ነበር፣ በድምፅ። ፈረደ፣ ተገኝ፣ ጎሹ፣ መርሻ።

ክንዴን ጭምድድ አድርጋ ያዘችኝ። ወደ በሩ ተገላመጠችና አንሾካሾከች። «ቀስ በል፣ አባባ ይሰማሃል! ደግሞ ዘለልከው። ከጎሹ በኋላ ጀምበር ነው አላልኩህም? ሁልጊዜ እዚችው ላይ ትወድቃለህ። ጀምበር በል።»

«እትዬ፣ ጀምበር ማነው?»

«የጎሹ አባት ነዋ! የመርሻ ልጅ። ያ ዓይኑ ጠንጋራው፣ አንጥረኛው። በል ቁም፣ መጣ።»

ከዚያ ከፈረደ እስከ አብተው፣ ከአብተውም ወዲያ እኔ የማላውቃቸውን አራት ስሞች በአንድ ትንፋሽ ቆጠረቻቸው። አይናለም ፎጣውን እንደያዘች ቆማ ቀረች። «እማዬ ትናንት የእኔን ስም አላወቀችውም» አለች።

ትዝ አለኝ። አባቴ በሰንበት ከሰዓት በኋላ እፊቱ ያቆመኝ ነበር፤ ወንዱ እኔ ነኝና። እሷን አስተምሯት አያውቅም። ከመደቡ ጀርባ ቁጭ ብላ ትሰማለች፤ ስጠፋበት ስሙን ታቀብለኛለች። አባቴ «ጎበዝ!» ብሎ ራሴን ይዳብሰኛል። አሁን ሳስበው ከሞላ ጎደል እሷ ነበረች የምትቆጥረው።

ትንሽ ቆይታ «ምሳ በላህ?» አለችኝ።

«አልበላሁም፣ እትዬ» አልኳት። ደስ አላት። ለሁለተኛ ጊዜ በላሁ።

ረቡዕ፣ ዲሴምበር 12

አያ ጓዴ ዘንድ ደወልኩ። አንድ ስም መዝለሌን ነገርኳቸው። መናገሩ ጥርስ እንደማስነቀል ነበር።

«ማን አስታወሰዎት?» አሉኝ።

«እታፈራሁ።»

«እሷማ... አያ ያረጋል፣ እሷ እኮ አሁን...»

«አሁን ምን?» ድምፄ ከፍ አለ። «ቁርሷን ትረሳለች። አባቶቿን አልረሳችም። ይምጡና ይጠይቋት፤ ሳይጠይቋት ግን አይፍረዱባት።»

አያ ጓዴ ቀስ ብለው «በልጅነቴ እኛ ሰፈር የጀምበር ማሳ የሚባል መሬት ነበር» አሉ። «የማን እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም።»

ዓርብ ሳምንት ገዴራ እሳቸው ቤት እንድንሰበሰብ ተስማማን። እታፈራሁን ይዤ እመጣለሁ አልኳቸው። ስልኩን እስክንዘጋ እንደ ድሮው «አንቱ» ሲሉኝ ነበር።

ሰኞ፣ ዲሴምበር 17

ጋቢውን አለበሱኝ፣ በትሩን አስያዙኝ። ያሪቭ «ያላ፣ ሳባ፣ ከአህያው እንጀምር» አለ።

«አልሠራውም» አልኩት።

«ላማ? ለምን፣ ሳባ? ምን ሆንክ?»

«ሽማግሌው እኔ ነኝ። ያ ያወሩልህ። የሁለት ልጆች ጋብቻ ነው በአንድ ስም የቆመው። ከአህያ ጋር አልቀላቅለውም።»

ፊቱ ቀላ። ክፉ ልጅ አይደለም። አጠገቤ ተቀመጠና «ታዲያ ምን እናድርግ?» አለኝ። እውነት ለመናገር በዚህ ሥራ ላይ ስጠየቅ የመጀመሪያዬ ነው።

«ሽማግሌው ይርሳ፤ ቤሰደር፣ ሰው ነው፣ ይረሳል። ከዚያ እህቱን ይጠይቃት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ታውቀዋለች።»

አሰበበት። ሲያስብ አየሁት፤ ልቡ እሺ ሊል ነበር። ከዚያ ሰዓቱን አየ። «አያስቅም፣ ሳባ። ይህ ኮሜዲ ነው።»

«ስሜ ያረጋል ነው» አልኩት። ጋቢውን አጥፌ፣ በትሩን ላዩ ላይ አድርጌ ለልብስ ያዧ ልጅ ሰጠኋት። ያሪቭ እስከ በር ሸኘኝ፤ እንግዲህ በመጨረሻው ክፍል የሳባ መሞት ለቤተሰቡ በስልክ እንደሚነገር በሐዘን ነገረኝ። ይሙት! ያለ እኔ ይቅበሩት። እኔ እንደሆን በእግሬ እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ሄድኩ፤ ጉልበቴም አላመመኝም።

የምሳውንም ቀረጻ እንዲቆርጠው ለምኜዋለሁ። እሺ ብሏል። ይቆርጠው አይቆርጠው አላውቅም፤ ካልቆረጠው እንደገና እሄድበታለሁ።

ዓርብ፣ ዲሴምበር 21

ሰንበት ሳይገባ ልጨርሰው።

የአያ ጓዴ ሳሎን ሞልቶ ነበር። እታፈራሁን ለስላሳው ወንበር ላይ አስቀመጥናት፤ አይናለም አጠገቧ። ከሳጊ ዘመዶች አንዱ «ለምን አመጧት? የሚሆነውን አታውቅ» ሲል ሰማሁት። አየሁት፤ አቀረቀረ። ኖዓ ከዘነበወርቅ ጎን ተቀምጣ ጣቶቿን ትቆጥራለች። ሳጊ በሩን ተደግፏል፤ ከእሷ በላይ ገርጥቷል።

ቆምኩ። ዛሬ ጠዋት ብቻ ሃምሳ ጊዜ ብዬዋለሁ። «የኖዓ አባት ብርሃኑ። ያረጋል። ፈረደ። ተገኝ። ጎሹ» አልኩ።

ቀጥሎ ማንም አልነበረም።

አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። ኖዓ አፏን በእጇ ያዘች። የሚስቅ አልነበረም፤ ቢስቁ ይሻለኝ ነበር። ዞር አልኩና ሁሉም እየሰማ «እትዬ፣ ከጎሹ በኋላ ማነው?» ብዬ ጠየቅኳት።

የቀሚሷን ጫፍ እያጠቀለለች ነበር። ዓይኗንም አላነሳች። «ጀምበር» አለች፤ ከዚያ ሰልችቷት «ዛሬም!»

«ጀምበር» አልኩ። «መርሻ። አብተው።» ስምንት።

አያ ጓዴ ተነሱ። የሄዱት ግን ወደ እኔ አልነበረም፤ ጎንበስ ብለው የእታፈራሁን ጉልበት ሳሙ። ዘነበወርቅ እልል አለች። ኖዓ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች፤ ሳመችኝ፤ ሸሚዜን በእንባ አራሰችው።

በኋላ ሰዉ ሁሉ ሲያመሰግነኝ ዋለ። «ስሙን አውቆ ትቶላት ነው እኮ! እህቱን በሰው ፊት ሊያከብራት። የሽማግሌ ብልሃት!» አሉ። አያ ጓዴም «እንደዚህ ያለ ብልሃት አላየሁም» ብለው እጄን ያዙኝ። እኔም አንገቴን ዝቅ አድርጌ ፈገግ አልኩ፤ እንደዚያ ያሉ ሽማግሌዎች በቴሌቪዥን ፈገግ እንደሚሉት።

እዚህ ግን አልዋሽም። ጠፍቶኝ ነበር።